«ማነው?» ብሎ መጠየቅ ነውር አይደለም

ሌሊት በር ሲንኳኳ ሳይጠይቅ የሚከፍት ሰው የለም። «ማነው?» ብሎ ድምፅ ይለያል፤ ካላወቀውም መወርወሪያውን አያነሣም። ይህ ከአባቶቻችን የወረስነው ጥንቃቄ ግን ከኮምፒዩተር ፊት ስንቀመጥ ይጠፋብናል።

እ.ኤ.አ. በ1989 መጨረሻ ወደ 20,000 የሚጠጉ ዲስኮች ከለንደን በፖስታ ወደ ልዩ ልዩ አገሮች ተላኩ። ዲስኮቹ ስለ ኤድስ መረጃ እንደያዙ ተጽፎባቸው ነበር። ከተቀባዮቹም መካከል በኤድስ ላይ በተደረገ ዓለም አቀፍ ጉባዔ የተካፈሉ ሰዎች ነበሩ። ዲስኩን በኮምፒዩተራቸው ላይ የጫኑት ሰዎች በመጀመሪያ ምንም ጉዳት አላዩም። ኮምፒዩተሩ 90 ጊዜ ያህል ከተከፈተ በኋላ ግን ተሸሽጎ የገባው ፕሮግራም የፋይሎቹን ስም ወደማይነበብ ምሥጢራዊ ጽሑፍ ለወጠ፤ 189 ዶላር ወደ ፓናማ እንዲላክም ጠየቀ።

እንግዲህ አጥፊው ቁልፍ አልሰበረም፤ በሩን የከፈቱለት ባለቤቶቹ ራሳቸው ናቸው። ከእነርሱም መካከል በምርምር ሥራ የተሰማሩ ምሁራን ይገኙባቸዋል። ስለዚህ «የሚታለለው ያልተማረ ሰው ብቻ ነው» የሚለው አስተሳሰብ፣ በእኔ አስተያየት፣ ራሱ አደጋ ነው።

ዛሬ ዲስኩ ቀርቷል፤ ዘዴው ግን አልቀረም። «ቫይረስ ገብቶብዎታል፤ በዚህ ቁጥር ቶሎ ይደውሉ» የሚል ጽሑፍ በኮምፒዩተሩ ስክሪን ላይ ድንገት ይወጣል። ስልኩን የሚያነሣው ሰው በትሕትና «ኮምፒዩተር የምጠግን ባለሙያ ነኝ» ይላል። ከዚያም ኮምፒዩተሩን ከሩቅ ሆኖ የሚያዝበትን ፕሮግራም ያስጭናል፤ ቀጥሎም ላልነበረ በሽታ ገንዘብ ያስከፍላል፣ ወይም የይለፍ ቃል ይሰርቃል። ማይክሮሶፍት የተባለው ኩባንያ ግን የራሱ የማስጠንቀቂያ ጽሑፎች የስልክ ቁጥር ከቶ እንደማይዙ አስታውቋል።

«የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ይባላል። አጭበርባሪ ይበልጥ የሚተማመነው በአለማወቃችን ሳይሆን በመቸኮላችን ነው። እንግዲያስ የሚያስደነግጥ ጽሑፍ ሲወጣ መዝጋት፣ እምቢ ካለም ኮምፒዩተሩን ማጥፋት፣ ከዚያም የምናምነውን አዋቂ ማማከር ይገባል። ፕሮግራም ሲያስፈልገንም ከአዘጋጁ ከራሱ እንውሰድ፤ ጠቃሚ ጽሑፎቻችንንም በሌላ ቦታ ገልብጠን እናስቀምጥ።

አንዳንዶች እንግዳን ማንነቱን መጠየቅ ክብሩን መንካት ይመስላቸዋል። ነገር ግን ቅን እንግዳ ቢጠየቅ አይቆጣም፤ ስሙን ተናግሮ፣ በሩ እስኪከፈትለት ይጠብቃል። ጥያቄ የሚያስቆጣውና «ቶሎ ክፈት» እያለ የሚያጣድፈው፣ ሊከፈትለት የማይገባው ነው።