አንድ የወደቀ ፊደል

ባንክ ቤት ገንዘብ የሚቆጥር ሰው የወረቀትን ነገር ቀስ በቀስ በጣቱ ይማራል። ብሩን በብርሃን ያያል፤ ተራ ቁጥሩን ይመለከታል፤ ፊርማ ያመሳክራል። እኔም ቀን ቀን የምሠራው ይህንኑ ነው፤ ማታ ማታ ደግሞ ግጥም እሞክራለሁ። የግጥም መጻሕፍትን የመጀመሪያ እትም ለይቶ ማወቅ የባለጸጎች ቅብጠት ነው ሲባል የማልስማማውም ለዚህ ይሆናል።

የቲ. ኤስ. ኤልየትን «ዘ ዌስት ላንድ» እንውሰድ። ኤልየት ራሱ ከ1917 እስከ 1925 እ.ኤ.አ. በለንደን የሎይድስ ባንክ ሠራተኛ ነበር፤ ይህን ባሰብኩ ቁጥር እጽናናለሁ። ግጥሙ በ1922 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ የወጣው በለንደንና በኒው ዮርክ መጽሔቶች ነው። በመጽሐፍ መልክ የቀደሙት የኒው ዮርኮቹ ቦኒ እና ላይቭራይት ናቸው፤ በዚያው ዓመት ዲሴምበር 1,000 ቅጂ አሳተሙ። ገጣሚው የጻፋቸው ማስታወሻዎች የታከሉትም በዚህ ላይ ነው። በ1923 ለንደን ላይ ሆጋርዝ ፕሬስ 460 ያህል ቅጂ ሲያወጣ ፊደሉን በእጇ የለቀመችው ደራሲዋ ቨርጂኒያ ዉልፍ ነበረች።

የኒው ዮርኩ እትም በእያንዳንዱ ቅጂ ላይ ተራ ቁጥር ተመትቶበታል። ቀድመው የተጠረዙት የሚተጣጠፍ የጨርቅ ሽፋን አላቸው፤ የቁጥራቸው ቁመትም 5 ሚሊ ሜትር ነው። ኋላ የተጠረዙት ሽፋናቸው ደረቅ፣ ቁጥራቸው 2 ሚሊ ሜትር ነው። ገጽ 41 ላይ «ማውንቴን» ከሚለው ቃል «ኤ» የተባለው ፊደል በአንዳንዱ ቅጂ የለም፤ ኅትመቱ በመካሄድ ላይ ሳለ ወድቋል። ይሁንና የታተመ ወረቀት በታተመበት ተራ ብቻ ወደ ጠራዥ አይሄድምና በአንድ ምልክት መፍረድ አይገባም። በ1923 የተጨመረው ሌላ 1,000 ቅጂ ደግሞ «ሁለተኛ እትም» የሚል ቃል አለበት።

ይህ ሁሉ የታወቀው ሽፋኑም ገጹም ስላልጠፋ ነው። ወደ ራሴ መደርደሪያ ስመለስ ግን አፍራለሁ። የሰሎሞን ዴሬሳን «ልጅነት» ከአሮጌ መጻሕፍት ነጋዴ ገዝቼ፣ ገጹ እንዳይበታተን ብዬ ለጠራዥ ሰጠሁት። ሽፋኑን ጥሎ፣ ጠርዙን ከርክሞ፣ ማተሚያ ቤቱና ዓመተ ምሕረቱ የሚገኝበትን ቅጠል አውጥቶ፣ በካርቶን አጠንክሮ መለሰልኝ። ጥፋቱ የእርሱ አይደለም፤ አደራ ሳልል የሰጠሁት እኔ ነኝ። ግጥሞቹ አሉ፤ የትኛው ኅትመት እንደሆነ የሚመሰክርልኝ ግን የለም።

የመጀመሪያ እትም የሚከበረው ዋጋው ስለሚንር አይደለም። ቃሉ ከገጣሚው እጅ ወጥቶ መጀመሪያ ምን መልክ እንደያዘ፣ ፊደል ለቃሚው የት እንደሳተ፣ ኋላም ምን እንደታረመ ወይም እንደተበላሸ የሚታየው በእርሱ ስለሆነ ነው። በግጥም አንድ ፊደል ሲወድቅ ቤት ይፈርሳል።

ስለዚህ አሳታሚዎቻችን ሳይለወጥ የተደገመውን «ኅትመት»፣ የታረመውን «እትም» ብለው ቢለዩልን መልካም ነው። እናንተም ውድ አንባብያን፣ ወደ ጠራዥ ስትሄዱ አንዲት ቃል አትርሱ፦ «አሮጌውን ሽፋንና የፊቱን ቅጠል አብረህ ጠርዝልኝ።»