ስሙ የእኛ፣ ማሊያው የሌላ

ኅዳር 15 ቀን 2015 ዓ.ም. ቢቸና ነበርኩ። የሄድኩት ለአንድ የውርስ ክርክር ሲሆን ፍርድ ቤቱ ጠዋቱኑ ቀጠሮ ሰጥቶ አሰናበተን። ወደ ሞጣ የምሄደው በማግስቱ ስለነበር ከሰዓቱ ባዶ ሆነብኝ። ደንበኛዬ “ጋሼ፣ ዛሬ እኮ የዓለም ዋንጫ አለ” ብሎ ወደ አንድ ዲኤስቲቪ ቤት ይዞኝ ገባ። ስዊዘርላንድና ካሜሩን ሊጋጠሙ ነው። አግዳሚ ወንበሮቹ ሞልተዋል፤ ቤቱ በሙሉ የካሜሩን ደጋፊ ነው።

ከዕረፍት መልስ ብዙም ሳይቆይ ብሬል ኤምቦሎ የሚባለው የስዊዘርላንድ አጥቂ ኳሷን ከመረብ አገናኛት። የጨዋታው ብቸኛ ግብ ሆና የቀረችውም እሷው ናት። ልጁ ግን አልጨፈረም። ጓደኞቹ ሲያቅፉት እሱ እጆቹን አንስቶ፣ ይቅርታ እንደሚጠይቅ ሰው ሆኖ ቆመ።

“ምን ሆኖ ነው?” አለ ከኋላዬ የተቀመጠ ጎረምሳ።

መልሱን የሰጡት ጥግ ላይ ጋቢያቸውን ተከናንበው የተቀመጡ አንድ አዛውንት ናቸው። “ካሜሩን ነው አሉ የተወለደው። የእናቱን አጥር ያፈረሰ ልጅ ምን ብሎ ይጨፍራል?”

ቤቱ ተንጫጫ። በመሀል አንዱ ስልኩን እየነካካ “ስዊዞች ዘንድ የእኛም ሰው አለ” አለና ማረን ኃይለ ሥላሴ የሚል ስም አነበበ። “ማረን? እሱስ ይማረን!” ተብሎ ተሳቀ። ሳቁ ሲያበቃ ያው ጎረምሳ “ታዲያ ለምን ለእኛ አይጫወትም?” ብሎ ወደ እኔ ዞረ። የሕግ ሰው መሆኔን ደንበኛዬ አስቀድሞ አውጆብኛል። የዚያን ቀን አጥጋቢ መልስ አልሰጠሁትም። ይህን ጽሑፍ የዘገየ መልስ አድርጋችሁ ቁጠሩልኝ።

ማረን ኃይለ ሥላሴ እ.ኤ.አ. በ1999 ዙሪክ ተወለደ። በከተማው ክለብ በኤፍሲ ዙሪክ አደገ፤ ለስዊዘርላንድ የወጣት ቡድኖችም ተሰለፈ። መንገዱ ቀጥ ያለ አልነበረም። በኒውሻቴል ዛማክስ አልፎ ሉጋኖ ገባ፤ ከሉጋኖም እ.ኤ.አ. በ2023 በውሰት ወደ አሜሪካው ቺካጎ ፋየር ተሻገረ። ሁለቱ ክለቦች የአንድ ባለሀብት፣ የጆ ማንሱዌቶ፣ ንብረቶች ናቸው። ይህ የታላላቅ ኮከቦች ታሪክ አይደለም፤ በእግሩ እንጀራውን የሚበላ የአንድ ጎበዝ ባለሙያ ታሪክ ነው። እኔን የሳበኝም ይኸው ነው። ኮከቦችን ሁሉም ይሻማባቸዋል። የአንድ አገር ሕግ የሚፈተነው እንደ ማረን ባሉት ላይ ነው።

ስለ ተጫዋቹ ፓስፖርትም ሆነ ስለ ቤተሰቡ ምርጫ የምናገረው የለኝም፤ የግሉ ጉዳይ ነው። ጥያቄዬ የአገሬ ሕግ ከኢትዮጵያዊ ወላጅ ባሕር ማዶ ለሚወለድ ልጅ ምን ይላል የሚል ነው።

ሕገ መንግሥቱ ሁለት ነገር ይላል። በአንቀጽ 6 ከወላጆቹ ሁለቱም ወይም አንዱ ኢትዮጵያዊ የሆነ ሰው ኢትዮጵያዊ ነው። በአንቀጽ 33 ደግሞ ማንኛውም ኢትዮጵያዊ ከፈቃዱ ውጭ ዜግነቱን አይገፈፍም። እስከዚህ ድረስ ነገሩ ሸጋ ነው። ይሁንና የዜግነት አዋጅ ቁጥር 378/1996 አንቀጽ 20 ይመጣና፣ በውጭ አገር በመወለዱ ወይም የውጭ ዜጋ ከሆነ ወላጅ በመወለዱ ሌላ ዜግነት ያገኘ ልጅ፣ ለአካለ መጠን በደረሰ በአንድ ዓመት ጊዜ ውስጥ ሌላውን ዜግነት ትቶ ኢትዮጵያዊነቱን እንደመረጠ ካላሳወቀ በፈቃዱ እንደተወ ይቆጠራል ይላል።

“በፈቃዱ” የምትለዋን ቃል ልብ በሉልኝ። ዙሪክ ያለ አንድ የ18 ዓመት ልጅ ልምምድ ሲሠራ፣ ፈተና ሲፈተን፣ ምናልባትም የአዋጁን መኖር እንኳ ሳይሰማ ዓመቱ ያልፋል። እኛም ዝምታውን እንደ ፊርማ ቆጥረን “በፈቃዱ ሄደ” እንላለን። በውል ሕግ ትምህርት ቤት መጀመሪያ ከተማርናቸው ነገሮች አንዱ ዝም ማለት በመርሕ ደረጃ ውልን መቀበል አይደለም የሚለው ነው። ለአንዲት ላም ሽያጭ ዝምታ ካልበቃ፣ ለዜግነት እንዴት በቃ? አንቀጽ 33 ቢጠቀስ አንቀጽ 20 በቀላሉ የሚቆም አይመስለኝም።

መመለሻ መንገድ የለም አልልም። አዋጁ በአንቀጽ 22 ዜግነቱን ያጣ ሰው ይመለስ ዘንድ ይፈቅዳል፤ ነገር ግን ኑሮውን ኢትዮጵያ ውስጥ ማድረግና የሌላ አገር ዜግነቱን መተው አለበት። በሉጋኖ ወይም በቺካጎ ኮንትራት የፈረመ ተጫዋች ይህን እንዲያሟላ መጠየቅ ሥራህን ተውና ና እንደማለት ነው።

“ትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ አለ አይደል?” የሚል አይጠፋም። አዎን፣ በአዋጅ ቁጥር 270/1994 የተፈቀደው፣ በተለምዶ ቢጫ ካርድ የምንለው አለ። ያለ ቪዛ ያስገባል፣ ያለ ሥራ ፈቃድ ያሠራል። ዜግነት ግን አይደለም። ፊፋ ደግሞ ለብሔራዊ ቡድን የሚጠይቀው በመኖሪያ ቦታ ላይ ያልተመሠረተ ቋሚ ዜግነትን ነው፤ የአያት ስም አይበቃውም። እዚህ ላይ ቢጫ ካርዱ እንደ ሜዳው ቢጫ ካርድ ሆኖ ያርፋል፦ አላስወጣንህም፣ ግን ተጠንቀቅ።

በቢጫ ካርድ ደግሞ የተነካን ነን። እ.ኤ.አ. በ2013 በዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ሁለት ቢጫ ያለበትን ተጫዋች ቦትስዋና ላይ አሰልፈን፣ በሜዳ ያገኘነውን ሦስት ነጥብ በጽሕፈት ቤት አጣን። እግር ኳስ በእግር ብቻ የሚጫወቱት ጨዋታ አለመሆኑን ከዚያ በላይ የሚያስተምር አልነበረም።

በዚያው ዓመት ከ31 ዓመት በኋላ አፍሪካ ዋንጫ ስንመለስ፣ በስዊድን ሊግ የሚጫወተው ዩሱፍ ሳላህና ከአሜሪካ የመጣው ፉአድ ኢብራሂም ከዋልያዎቹ ጋር ነበሩ። ቀጥሎ ዋሊድ አታ ከስዊድን ወጣት ቡድን ወደ እኛ መጣ። በሌላ በኩል ቴዎዶር ገብረ ሥላሴ ለቼክ ሪፐብሊክ ብሔራዊ ቡድን ተሰልፎ በ2012 የአውሮፓ ዋንጫ ተጫወተ፤ ከኢትዮጵያውያን ወላጆች በርሊን የተወለደው ጌዲዮን ዘላለም በአርሰናል አድጎ እ.ኤ.አ. በ2015 ለአሜሪካ ከ20 ዓመት በታች ቡድን ተሰለፈ። በሩ አንዳንዴ ለአንዳንዱ እንደሚከፈት ታያላችሁ። ነገር ግን በትውውቅና በልመና የሚከፈት በር ሕግ አይባልም።

ሌሎች እንዴት አደረጉት? ስዊዘርላንድ ራሷ እ.ኤ.አ. ከ1992 ጀምሮ ጥምር ዜግነትን ያለ ገደብ ፈቀደች፤ ስለዚህም በ2016 የአውሮፓ ዋንጫ ከአንድ እናትና አባት የተወለዱት ግራኒትና ታውላንት ዣካ አንዱ ለስዊዘርላንድ፣ ሌላው ለአልባኒያ ተሰልፈው ተጋጠሙ። ማንም ማንንም ከሃዲ አላለም። ሞሮኮ በ2022 የዓለም ዋንጫ ለግማሽ ፍጻሜ ስትደርስ ከ26ቱ ተጫዋቾቿ 14ቱ የተወለዱት በውጭ አገር ነበር። በጥቅምት 2025 ደግሞ ሕዝቧ ከአንድ የአዲስ አበባ ክፍለ ከተማ ብዙም የማይበልጠው ኬፕ ቨርዴ ለዓለም ዋንጫ አለፈች። ተከላካይዋ ሮቤርቶ ሎፔዝ ደብሊን የተወለደ ልጅ ነው፤ አሠልጣኙ የላኩለትን የሊንክድኢን መልእክት መጀመሪያ የማይረባ ነገር መስሎት ትቶት ነበር። እነሱ ልጆቻቸውን አንድ በአንድ ፈልገው ይጠራሉ። እኛ የልደት ቀናቸውን ቆጥረን እናሰናብታለን።

ተቃውሞውን አልንቀውም። አንደኛው የታማኝነት ጥያቄ ነው፤ ሁለት ፓስፖርት የያዘ ሰው ልቡ ከየትኛው ነው ይባላል። ይህ ለጦር መኮንንና ለሚኒስትር ተገቢ ጥያቄ ነው፤ ለእነሱ በሕግ መለየት ይቻላል። ለክንፍ ተጫዋችና ለልብ ሐኪም ግን አይሆንም። ልብ የት እንዳለ ፓስፖርት አያሳይም፤ ኤምቦሎ ያን ዕለት አሳይቶናል።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከባድ ነው። ያነሳብኝም በማግስቱ ሞጣ ያገኘሁት አንድ የስፖርት መምህር ነው። ያየነው ሜዳ ዳገት ላይ ነው፤ ኳሷ በጨርቅና በላስቲክ የተጠቀለለች ናት። አንዱ ልጅ ነጭ ከነቴራው ጀርባ ላይ በእስክሪብቶ 10 ቁጥር ጽፏል። ግራ እግሩ ዓይን ይስባል። መምህሩ “የዙሪኩ ልጅ ሜዳ፣ አሠልጣኝ፣ ሐኪም ነበረው። አሁን ደግሞ የዚህን ልጅ ማሊያ ለእሱ ልንሰጠው ነው?” አለኝ።

እውነት አለው። ግን ይህ ልጅ ማሊያውን የሚያጣው በዙሪኩ ልጅ ምክንያት አይደለም። የሚያጣው ከዚያ ዳገታማ ሜዳ እስከ ባሕር ዳር ስታዲየም ድረስ የሚያየው ዓይን፣ የሚያሠለጥነው እጅ ስለሌለ ነው። ያ ስታዲየም እንኳ በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ከአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ፈቃድ ተነፍጎ፣ ዋልያዎቹ ጋናን “በሜዳቸው” ያስተናገዱት ጆሃንስበርግ ነበር። ልጆቿ በውጭ ተወልደዋል ብላ የምትቆጣ አገር፣ ቡድኗ ራሱ ስደተኛ ሆነ። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ በኋላ ደግሞ በአማራ ክልል ኳስ ይቅርና ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል። ያ ባለ 10 ቁጥር ልጅ ዛሬ ጎረምሳ ሆኗል። የት እንዳለ ባስብ ሆዴ ይባባል።

እንግዲህ የምጠይቀው ሁለት ነገር ነው፤ አንዱ ሌላውን አይተካም። የመጀመሪያው፣ የሕዝብ እንደራሴዎች አንቀጽ 20ን ከሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 33 ጋር አስታርቀው፣ በውጭ የተወለደ ልጅ በግልጽ እስካልተወ ድረስ ዜግነቱ እንዲቆይለት ያድርጉ። ይህ በጀት አይጠይቅም፤ ወረቀትና ድፍረት ብቻ ይበቃዋል። ሁለተኛው ገንዘብም ሰላምም ይጠይቃል፤ በየወረዳው ሜዳ፣ ኳስና አንድ የሠለጠነ አሠልጣኝ ማለት ነው። የውጪው ልጅ ቡድኑን ለጥቂት ዓመታት ያጠናክረው ይሆናል፤ የሚያኖረው ግን የሞጣው ነው።

ከሞጣ ወጣ ብሎ ዓባይ ላይ ሰባራ ድልድይ አለ። በጎንደር ነገሥታት ዘመን ተሠርቶ በጣሊያን ወረራ ጊዜ መሀሉ ተሰበረ። የጎጃምና የበጌምድር ሰው ግን ገበያውንም ዘመዱንም አልተወም፤ ለአሥርት ዓመታት በገመድ እየተጎተተ ተሻገረ። ሰዉ እንዲህ እያለ ይሻገራል። በገመድ መሻገሩን አይቶ ድልድዩን ሳይጠግን የሚኖር መንግሥት ግን ዜጎቹን አያውቃቸውም።

ለቢቸናው ጎረምሳ መልሴ ይኸው ነው፦ “ለምን ለእኛ አይጫወትም?” ከማለትህ በፊት “የእኛ ነህ ብለነው እናውቃለን?” ብለህ ጠይቅ። ያልጠሩት እንግዳ ለምን ቀረ አይባልም።