ሰሊጡ የኛ፣ ዋጋው የማን?

ጓዶች! በየመኝታ ክፍሉ ስለ ቻይና የሚደረገው ክርክር ሰልችቶናል። አንዱ ወገን «ቻይና አዳኛችን ናት፤ መንገዱንም ባቡሩንም ሠራችልን» ይላል። ሌላው «አዲሷ ቅኝ ገዥ ናት፤ ገፈፈችን» ብሎ ይጮኻል። ሁለቱም አብርሃ ጅራን አያውቋትም። እኛ ነገሩን ከሰሊጡ ማሳ እንጀምረዋለን።

በምዕራብ ጎንደር ቆላ፣ ከሱዳን ጠረፍ አጠገብ፣ ሰሊጥ ቀጠሮ አያውቅም። ፍሬው ደርቆ አፉን ሳይከፍት ካልታጨደ መሬት ላይ ይረግፋል። ስለዚህ በአጨዳ ሰሞን የደጋው ወጣት ለቀን ሥራ ወደ ቆላ ይጎርፋል። ወባው አለ፣ ካላዛሩ አለ፣ እባቡ አለ። በብድር አርሶ በብድር ያሳጨደ ገበሬም የተሻለ ዋጋ እስኪመጣ የሚጠብቅበት አቅም የለውም። ጆንያው ተሰፍቶ ይጫናል።

ወዴት? ሰሊጥ ለብዙ ዓመታት ከቡና ቀጥሎ የአገራችን ዋና የወጪ ንግድ ነበር፤ ትልቋ ገዥም ለዓመታት ቻይና ሆና ቆይታለች። ራሷም ታመርታለች፤ ግን አይበቃትም። ከኛ ጥሬውን ትወስድና ዘይቱን እዚያው ትጨምቃለች። የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በ2000 ዓ.ም. ሥራ ጀምሮ እስከ አብርሃ ጅራ መጋዘን ሲከፍት፣ የደላላ ጨዋታ አበቃ ተባለ። እርግጥ ነው፣ ዋጋው በግልጽ መታየት ጀመረ። ነገር ግን ዋጋ ማየትና ዋጋ መቁረጥ ለየቅል ናቸው! ሱዳንም ታንዛኒያም ናይጄሪያም ያንኑ ጥሬ ፍሬ ያቀርባሉ። ገዥው አንዱ ሲወደድበት ወደ ሌላው ይዞራል፤ ቸኩሎ የሚሸጠው ድሃው ነው።

የባሰው ደግሞ ይኸውላችሁ፦ ሰሊጥ ሻጯ አገራችን የምግብ ዘይቷን በአብዛኛው ከውጭ ታስገባለች፤ ያውም ፓልም! የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው ማለት ይህ ነው። በ2013 ዓ.ም. ቡሬ ላይ ትልቅ የዘይት ፋብሪካ ሲመረቅ ደስ ብሎን ነበር። ፋብሪካ ግን ጥሬ ዕቃ ይፈልጋል፤ ሰሊጡ ደግሞ ለዶላር ሲባል ወደብ ይወርዳል።

ታዲያ ጥፋቱ የቻይና ነው? አይደለም! ገዥ በርካሽ መግዛቱ ምን ይገርማል? ቻይና ራሷ እ.ኤ.አ. በ1978 የለውጥ መንገድ ስትጀምር በሯን ዝም ብላ አልበረገደችም። በ1980 ሼንዜንን ልዩ የኢኮኖሚ ቀጠና አደረገች፤ የውጭ መኪና አምራቾችን «ከአገሬ ድርጅት ጋር ካልተሻረካችሁ እዚህ ፋብሪካ አትተክሉም» አለች። በ2001 የዓለም ንግድ ድርጅት ገባች፤ በ2010 ጃፓንን አልፋ በኢኮኖሚ ከዓለም ሁለተኛ ሆነች። ያንን ዕድገት በጫንቃው የተሸከመው ከገጠር የፈለሰው ላብ አደር መሆኑን አንረሳም፤ እንደ ተረትም አናወራውም። ቁም ነገሩ ግን፣ ጉልበቷን ስትሸጥ በምትኩ እውቀት ተቀብላለች። እኛ ሰሊጡን ስንሸጥ ምን ተቀበልን? ብድር የሠራውን ባቡር ብንቆጥር እንኳ፣ በሱ የሚሄደው ጥሬ ፍሬ ከሆነ የተቀየረው ማጓጓዣው ብቻ ነው።

ስለዚህ «አዳኝ» ባዩም «ቀማኛ» ባዩም በአንድ ስሕተት ይገናኛሉ፤ ሁለቱም ዕጣችንን ለቻይና ሰጥተው እኛን ከተመልካች ወንበር ላይ አስቀምጠዋል። እኛ የምንለው ይህ ነው፦ ሰሊጡ እዚያው ቆላው ላይ ይበጠር፣ ይፈተግ፣ ይጨመቅ። ገበሬው በማኅበሩ በኩል እህሉን አስይዞ የሚበደርበት መንገድ ይኑር። ከቻይና ጋር የሚፈረም ውል መሣሪያውንና ሙያውን ጭምር ይጠይቅ። አጫጁም አጎበርና ሐኪም ያግኝ።

በ1957 ዓ.ም. «መሬት ላራሹ» ብለው አደባባይ የወጡት ተማሪዎች ያነሡት ጥያቄ መሬቱ የማን ነው የሚል ነበር። በኋላ ከመካከላቸው የማኦን ቀይ መጽሐፍ የያዙም ነበሩ። እኛ የማንንም መጽሐፍ መያዝ አያስፈልገንም። ኬሚስትሪ የምንማር፣ ኢኮኖሚክስ የምንማር፣ ሕግ የምንማር፣ ስንቶቻችን ነን አንድ የሰሊጥ ውል አንብበን የምናውቅ? ከክርክሩ በፊት እሱን እናንብብ!