በየወሩ የሚቆረጥብን

ባለፈው ወር ስለ ጤፍና ስለ ሥጋ ዋጋ ስናወራ፣ አንዲት እናት ሬስቶራንቱ ድረስ መጥተው «ጤፉንስ እንደምንም እንገዛዋለን፤ በየወሩ ከባንክ የሚቆረጥብንን ምን እናድርገው?» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ማታ ቁጭ ብዬ የባንክ ወረቀቴን ሳየው ለኮምፒውተር ፕሮግራም ብቻ አምስት ቦታ እከፍላለሁ። ሁለቱን ለምን እንደገባሁበት እንኳ ረስቼዋለሁ።

መጀመሪያ ግን ያጠፋሁትን ልንገራችሁ። ሬስቶራንቱን ስከፍት እጄ ላይ ገንዘብ ስላልነበረ፣ አንድ የማውቀው ልጅ ክራክ የተደረገ ዎርድና ኤክሴል ጫነልኝ። ነጻ ነው ብዬ ደስ አለኝ። ዓመት ሳይሞላው ቫይረስ ገባና የወሩ የሽያጭ መዝገቤ አብሮ ጠፋ። ሴልስ ታክስ ደግሞ አይጠብቅም። ቴክሳስ ውስጥ በየወሩ የምናስገባ ሰዎች እስከሚቀጥለው ወር 20ኛ ቀን ነው ያለን። ካለፈ 5 በመቶ፣ ከ30 ቀን በላይ ከዘገየ 10 በመቶ ቅጣት፣ በዚያ ላይ ለዘገየው ሪፖርት 50 ዶላር። በሰዓቱ ለከፈለ ግን ግማሽ በመቶ ይቀነስለታል። እኔና ባለቤቴ ከካርቶን ውስጥ ደረሰኝ እየለቀምን ሁለት ሌሊት ደመርን። አልደረስንም፤ ተቀጣን።

ስለዚህ የተሰረቀውን ተዉት፤ በሕግ ነጻ የሆነ አለ። ሊብሬኦፊስ ይባላል። በ2010 ከኦፕንኦፊስ ተለይቶ የወጣ ነው፤ ከጀርባው ያለው ዘ ዶክዩመንት ፋውንዴሽን የሚባል፣ ጀርመን አገር ያለ ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት ነው። ለቤትም ለንግድም አይከፈልበትም። «ለንግድም» የምትለዋን አጥብቃችሁ ያዙልኝ፤ ብዙ ነጻ የሚባል ነገር ለቤት ብቻ ነውና። የዎርድና የኤክሴል ፋይል ይከፍታል። የማይክሮሶፍት 365 የአንድ ሰው የቤት ፓኬጅ በ2025 ከ69.99 ወደ 99.99 ዶላር በዓመት እንደወጣ አይታችኋል፤ የንግዱ ደግሞ በሰው ቁጥር ነው። ስታወርዱ ከራሱ ከሊብሬኦፊስ ገጽ አውርዱ፤ ለሒሳብ ሠራተኛችሁ ስትልኩ ደግሞ በኤክሴል ፎርማት ሴቭ አድርጉት፣ አለበለዚያ «አልከፍትልህ አለኝ» ይሏችኋል።

የእኔ መዝገብ ቀላል ነው፦ ቀን፣ ሽያጭ፣ ቲፕ፣ ታክስ። ዳላስ ላይ 8.25 በመቶ ነው፤ 6.25 ለስቴቱ፣ 1 ለከተማው፣ 1 ለዳርት (አውቶቡሱን ተሳፍሬው አላውቅም፣ ብቻ እሰበስብለታለሁ)። ታክሱን ራሱ ያሰላዋል።

ብዙ የተቸገርኩት በሜኑው ነው። አማርኛውን ጽፌ ማተሚያ ቤት ላክሁ፤ 500 ቅጂ ታትሞ ሲመጣ «ዶሮ ወጥ» የሚለው ሦስት አራት ባዶ ሣጥን ሆኗል! ጥፋቱ የእኔ ነው፤ የእነሱ ኮምፒውተር ላይ የእኔ ፎንት የለም። አሁን አቢሲኒካ ሲል ወይም ኖቶ የሚባሉትን ነጻ ፎንቶች እጠቀማለሁ፤ የምጽፈው ከ2017 ጀምሮ ነጻ በሆነው በኪይማን ነው፣ በእንግሊዝኛ ፊደል ስትመቱት አማርኛ ይወጣል። ሲያልቅ ከሊብሬኦፊስ ውስጥ ፒዲኤፍ አድርጋችሁ ላኩ። ፎንቱ አብሮት ይሄዳል።

ሁሉንም በነጻ አልሠራም። የሠራተኛ ደመወዝና የሒሳብ ባለሙያዬን አልነካሁም፤ እዚያ ላይ ስህተት ቢገባ ከቆጠብኩት በላይ ይወስዳል። የካርድ ማሽንም «በነጻ እንሰጣችኋለን» ሲሏችሁ በእያንዳንዱ ካርድ ስንት በመቶ እንደሚወስዱ ጠይቁ። መዝገቡን ደግሞ ዘወትር እሑድ ማታ ዩኤስቢ ላይ ገልብጬ ቤት እወስደዋለሁ፤ አንዴ ተቃጥያለሁና።

ከረሳኋቸው ሁለቱ አንዱን በአምስት ደቂቃ ሰረዝኩት። ሁለተኛው ስልክ አያነሱም፤ ነገም እደውላለሁ።