የስሙኒ ዘፈን



ጭድ ተራ ሲባል ዛሬ ጭድ ፍለጋ የሚመጣ ሰው ያለ አይመስለኝም። መርካቶ እንዲህ ናት፤ ዕቃው ይሄዳል፣ ስሙ ይቀራል። እኔ ግን ጭዱን ደርሼበታለሁ። አባቴ የጭድ ነጋዴ ነበር። በአህያ ተጭኖ የሚመጣውን ጭድ እየተቀበለ ለጭቃ ቤት ምርጊት፣ ለከብት ቀለብ፣ ለፍራሽ ይሸጣል። እኛ ልጆቹም ከትምህርት ቤት መልስ እናግዘዋለን። ስለዚህ ብንታጠብም፣ ልብሳችንን ብናራግፍም አንድ ሁለት ስንጥር ጭድ ከላያችን አይጠፋም ነበር። ነገሩ የባሰው ደግሞ አፍሮ ፋሽን የሆነ ጊዜ ነው። ጭድና አፍሮ እንዴት እንደሚዋደዱ የሚያውቅ ያውቀዋል! ለጭፈራ የመጡት ልጃገረዶች የሰፈራችንን ልጆች የሚለዩን በፀጉራችን ነበር።

የዛሬው ጨዋታዬ ስለዚያ ጭፈራ ነው። ያነሳሁትም ያለ ምክንያት አይደለም። ሰሞኑን ትምህርት ስለተዘጋ ያገኘኋቸው ወላጆች ሁሉ ቅሬታቸው አንድ ነው፦ «ልጆቹ ጆሯቸውን ደፍነው ይውላሉ፤ ምን እንደሚሰሙ እንኳ አናውቅም» ይላሉ። የእኛ ወላጆች ይህ ችግር አልነበረባቸውም። የእኛ ሙዚቃ ግድግዳ አልፎ፣ ጭዱን ተሻግሮ ቤታቸው ድረስ ይገባ ነበር።

በ1960ዎቹ መጀመሪያ ከሰፈራችን ጀርባ አንዲት ሻይ ቤት ነበረች። ከፊት ለፊት ሻይ፣ ፓስቲና ቦምቦሊኖ ይሸጣል። ጓሮውን ተሻግረው ሲገቡ ጣውላ ወለል ያለው ሰፊ ክፍል አለ፤ በክፍሉ ጥግ ደግሞ ጁክቦክሱ ቆሟል። ቀይና አረንጓዴ መብራት የሚበራበት፣ ፊቱ መስታወት የሆነ፣ ቁም ሣጥን የሚያክል ማሽን ነው። እሁድ ከስምንት ሰዓት እስከ አሥራ ሁለት ክፍሉ ለእኛ ለተማሪዎች ይለቀቃል። የሚጠጣው ሚሪንዳና ኮካ ብቻ ነው። ባለቤቱ ጋሼ በር ላይ በርጩማቸውን አስቀምጠው ይቀመጣሉ፤ ሲጋራ የያዘ ልጅ ካዩ ጆሮውን ይዘው ያስወጡታል።

ጁክቦክስ ላላያችሁ ልጆችና የልጅ ልጆች ላስረዳ። ሳንቲም ትከቱበታላችሁ። ከዘፈኖቹ ዝርዝር የመረጣችሁትን አይታችሁ ፊደሉንና ቁጥሩን ትጫናላችሁ። ያኔ በመስታወቱ ውስጥ አንዲት የብረት ክንድ ከተደረደሩት ሸክላዎች መካከል ያንን አንዱን ፈልጋ ታወጣና መርፌው ሥር ታስተኛዋለች። ሸክላዋ ትንሽ ናት፤ በአንድ በኩል አንድ ዘፈን፣ በሌላው በኩል ሌላ። ሦስት ደቂቃ ያህል ዘፍና ታበቃለች፤ ክንዷም መልሳ ቦታዋ ታኖራታለች። መድገም የፈለገ እንደገና ሳንቲም ይከታል።

የእኛ ማሽን የሚበላው ስሙኒ ነበር። ስሙኒ ለተማሪ ትልቅ ገንዘብ ስለሆነች አራት አምስት ሆነን እናዋጣለን፤ ያዋጣ ሁሉ በምርጫው ድምፅ አለው። አንዱ ጄምስ ብራውን ይላል፣ አንዱ ኦቲስ ሬዲንግ፣ ሴቶቹ አሬታ ፍራንክሊን ካልሆነ ብለው ያምፃሉ፤ ኤልቪስን የሙጥኝ ያለም ነበር። ከክርክሩ የተነሳ ዘፈኑ ከሚፈጀው ጊዜ ይልቅ ምርጫው የሚፈጀው ይበልጥ ነበር። ፓርላማችን እሱ ነበር ብል ማጋነን አይሆንም።

የእንግሊዝኛውን ቃል አብዛኛውን አንረዳውም። በ1955 ዓ.ም. መምጣት የጀመሩት የፒስ ኮር አስተማሪዎች በየትምህርት ቤቱ ነበሩና ግጥሙን በወረቀት እየጻፍን እናስተረጉማቸዋለን። የጻፍነው የሰማነውን ስለሆነ እነሱም አንብበው ይስቃሉ። ሰዋስው ለማጥናት የሚያዛጋ ልጅ ለአንድ የሶል ዘፈን ትርጉም የእረፍት ሰዓቱን ሲሠዋ አይቻለሁ።

ከዚያ በ1961 ዓ.ም. አንድ ነገር ተለወጠ። እስከዚያ ድረስ ሸክላ የማሳተምና የማስመጣት መብት በአዋጅ ለአገር ፍቅር ማኅበር የተሰጠ ነበር። አምሐ እሸቴ የሚባል ሐራምቤ የተሰኘ ሙዚቃ ቤት የነበረው ወጣት ግን ማንም ካላሳተመ እኔ አሳትማለሁ ብሎ ተነሳ። የመጀመሪያው ሸክላ የፖሊስ ኦርኬስትራው ዓለማየሁ እሸቴ ነበር፤ የታተመውም ህንድ አገር ነው። አምሐ በኋላ እንዳወጋው፣ ሸክላው ደርሶ ሙዚቃ ቤቱ በር ላይ በድምፅ ማጉያ ሲለቀቅ ሰው መንገድ ላይ ይጨፍር ነበር፤ የመኪናው ጉዞም ተስተጓጉሏል። አምሐ ሪከርድስ እስከ 1967 ዓ.ም. ድረስ 103 ነጠላ ሸክላዎችና 12 አልበሞች አውጥቷል። ዓሊ አብደላ ካይፋም፣ መርካቶ ዓሊ ታንጎ ብላ የምታውቃቸው፣ ካይፋ ሪከርድስን ይዘው ተከተሉ።

ይህ ለጋሼ ጁክቦክስ ምን ማለት እንደነበር ልንገራችሁ። ከጄምስ ብራውን ጎን ጥላሁን ገሠሠ ገባ። ማህሙድ አህመድ ገባ። ብዙነሽ በቀለና ሂሩት በቀለ ገቡ። የክብር ዘበኛና የፖሊስ ሠራዊት ያፈሯቸው ድምፆች፣ የጥሩምባውና የሳክስፎኑ ጩኸት ሁሉ በስሙኒ የሚገዛ ሆነ። እነ ሶል ኤኮስ፣ እነ ዳህላክና ቬነስ የሚጫወቱባቸው ሆቴሎችና ክለቦች ለእኛ ኪስ የሚሆኑ አልነበሩም፤ ማሽኑ ግን ያንን ለጭድ ተራ ልጅ አመጣለት። ለመጀመሪያ ጊዜም ቃሉን ሁላችንም የምናውቀው ዘፈን ጨፈርን። ክርክሩ በረታ እንጂ አልቀነሰም፤ ዓለማየሁ ሲሆን ግን ሁሉም ዝም ይላል። አለባበሱም፣ የፀጉር አያያዙም ኤልቪስ ነበር፤ ድምፁ ግን የኛው ነው። በልጅነቱ ሆሊዉድ እደርሳለሁ ብሎ ከቤት ጠፍቶ ምጽዋ ድረስ እንደሄደ ራሱ ያወጋ ነበር። እናቱ ባትመልሰው ኖሮ ያንን ሁሉ ዘፈን ማን ይዘፍንልን ነበር?

አሁን ወደ ወላጆቹ ልምጣ። አባቴ አፍሮዬን ያየ ዕለት ማበጠሪያውን ከእጄ ተቀብሎ ዐየት አደረገውና «ጎፈሬ የጀግና ነው። አንተ ምን ገድለህ ነው?» አለኝ። ከዚያ በኋላ ሳየው ቢገላምጠኝም እንድቆረጥ አላስገደደኝም። ጊዜው ለወላጅ ግራ የሚያጋባ ነበር። ልጁ አንድ ቀን ቤል ቦተም ለብሶ ይመጣል፤ በማግሥቱ «መሬት ላራሹ» ይላል። በ1960 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲው ውስጥ የፋሽን ትርኢት ሲዘጋጅ ተቃውመው ሰልፍ የወጡት ራሳቸው ተማሪዎች ነበሩ። ወላጅ የትኛውን ይፍራ?

እናቴ ፍርሃቷን ያስወገደችው በራሷ መንገድ ነው። ጎረቤት «ልጅሽ ጭፈራ ቤት ይውላል» ብሎ ነግሯታል። አልተቆጣችም፣ አልጠየቀችኝም። አንድ እሁድ አሥር ሰዓት ገደማ ነጠላዋን አጣፍታ፣ እህቴን አስከትላ፣ ጋሼ «ይግቡ እትዬ» እስኪሏት ድረስ በር ላይ ቆማ ታየኝ። እኛ ሁላችን ደረቅን። ያላፈረው ማሽኑ ብቻ ነው፤ መዝፈኑን ቀጠለ። እናቴ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጠች፤ ሻይ አዘዘች፤ ሻዩን እስክትጨርስ አንድ ቃል አልተናገረችም። ከዚያ መቀነቷን ፈታ ስሙኒ አወጣችና «ጥላሁን አለ?» አለች።

አለ። ተጫነ። ግን ማን ይጨፍር? እናት ፊት ማን ይውረግረግ? ሁሉም ግድግዳ ተደግፎ ቆመ። እናቴ አየችንና «ምነው? የኔ ስሙኒ አይሠራም?» አለች። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። በመጨረሻ የጨፈርነው ለእሷ ዘፈን ነው።

ማታ ቤት ስንገባ ሕጉን ነገረችኝ፦ «እህትህን ይዘህ ትሄዳለህ። አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ እዚህ ትገኛላችሁ። የዘገየ ሰኞ ዕለት ብቻውን ጭድ ይሸከማል።» አበቃ። ከዚያን ቀን ጀምሮ የጓደኞቼን ሁሉ ስም ታውቅ ነበር። አንዱ ሁለት እሁድ ከቀረ «ያ ቀጭኑ ልጅ ምን ሆነ?» ብላ የምትጠይቀኝ እሷ ናት።

ያ ቀጭኑ ልጅ። ስሙን አልጠራም፤ ቤተሰቡ አለ። ስሙኒውን ከእኛ ጋር አያዋጣም ነበር። እስከ መጨረሻ ይዞ ይቆይና አሥራ ሁለት ሰዓት ሊሞላ ሲል ሁልጊዜ ያችኑ አንዲት የማህሙድን ዝግ ያለች ዘፈን ይመርጣል። ሁላችንም እንስቅበታለን፤ እሱ ግን ዓይኑን ጨፍኖ ይሰማል። እሁድ የምታልቀው በእሱ ዘፈን ነበር።

በ1967 ዓ.ም. ደርግ ሥልጣን ሲይዝ ሰዓት እላፊ መጣ፤ ለዓመታትም ዘለቀ። ወጣት በተሰበሰበበት ሁሉ ጥርጣሬ ገባ፤ ጋሼም ክፍሉን ዘግተው የእህል መጋዘን አደረጉት። አምሐ ወደ አሜሪካ ተሰደደ። ሸክላውም ለካሴት ቦታ ለቀቀ። ማሽኑ የት እንደደረሰ አላየሁም። የእኛ ልጆች ግን የት እንደደረሱ አውቃለሁ። ከዚያ ጣውላ ላይ ከጨፈርነው አራቱ ቀይ ሽብርን አላለፉም። ቀጭኑ ልጅ በ1970 ዓ.ም. አንድ ማለዳ ከቤቱ እንደወጣ አልተመለሰም።

ከብዙ ዓመት በኋላ ለቅሶ ቤት ውስጥ እናቱ አጠገቤ ተቀመጡ። ወሬ ወሬን ሲያነሳ ድንገት ዝቅ ባለ ድምፅ «ልጄ፣ እናንተ ጋ ሲመጣ ምን ዘፈን ነበር የሚወደው?» አሉኝ። «ቤት ውስጥ ሲያንጎራጉር ሥራ ይዤ ዝም በል እለው ነበር። ዜማው ጆሮዬ ላይ አለ፤ ቃሉን ግን አላውቀውም።»

ነገርኳቸው። በሳምንቱ ካሴቱን ፈልጌ ከነቴፑ ይዤላቸው ሄድኩ። እማማ እጃቸውን ቴፑ ላይ አሳርፈው፣ ልክ የልጅ ራስ እንደሚዳብስ ሰው፣ እስከ መጨረሻው ሰሙት። ሲያልቅ «ድገመው» አሉኝ። ያን ዕለት ስንት ጊዜ እንደደገምኩት አልቆጠርኩም።

ለእናንተ ለወላጆች የምነግራችሁ ይህንን ነው። የዛሬ ልጅ ሙዚቃ ግድግዳ አያልፍም፤ ጆሮው ውስጥ ብቻ ነው። ስለዚህ ወደ እኛ እስኪመጣ መጠበቅ አንችልም፤ እኛ መሄድ አለብን። ዛሬ ማታ ልጃችሁን ወይም የልጅ ልጃችሁን «በጣም የምትወደውን አንድ ዘፈን አሰማኝ» በሉት። እስከ መጨረሻ ስሙት። ሦስት ደቂቃ ነው። «ይሄ ደግሞ ዘፈን ነው?» የምትለዋን ቃል ለሌላ ቀን አቆዩዋት። የሚሄድበትንም ቦታ አንድ ቀን ሄዳችሁ እዩት፤ ከተቻለ ሻይ አዝዛችሁ። ካያችሁት በኋላ የምታወጡት ሕግ ሳታዩ ከምታወጡት ይልቅ ይከበራል።

በአጸፋው የእናንተንም አሰሟቸው። የሚገርመው ብዙዎቹ ያውቁታል። ፍራንሲስ ፋልሴቶ የተባለ ፈረንሳዊ ከ1990 ዓ.ም. ጀምሮ «ኢትዮፒክስ» በሚል ተከታታይ ሲዲ የዚያን ዘመን ሙዚቃ ለዓለም አዳርሶታል። የሙላቱ አስታጥቄ ሥራም የሆሊዉድ ፊልም ማጀቢያ ሆኗል። ስለዚህ የልጅ ልጃችሁ ዓለማየሁን በስልኩ አግኝቶት ሊሆን ይችላል፤ እናንተ ደግሞ ያንን ዘፈን መጀመሪያ የሰማችሁት የት፣ ከማን ጋር እንደነበር ትነግሩታላችሁ። ያንን ስልኩ አያውቅም።

ቤታችሁ ሸክላ ካለ አትጣሉት። በጀርባው አታነባብሩት፣ እንደ መጽሐፍ አቁማችሁ ደርድሩት። ከፀሐይና ከምድጃ ሙቀት አርቁት፤ ይጣመማል። ስትይዙት ጠርዙን ያዙ፤ አቧራውን በንጹሕና ለስላሳ ጨርቅ ጥረጉ። ያረጀ መርፌ ሸክላውን ይፍቀዋልና መርፌው ሳይቀየር አታጫውቱት። ከዚያ በላይ ደግሞ በሽፋኑ ጀርባ የማን እንደነበረ ጻፉበት።

ጥላሁን በ2001 ዓ.ም. በፋሲካ ሌሊት ተለየን። አምሐም ዓለማየሁም በአንድ ዓመት፣ በ2013 ዓ.ም.፣ ተከታትለው ሄዱ። ጨፋሪዎቹም እያለቅን ነው። የቀረነው ልጆቻችን ዝም ብለው ሲያንጎራጉሩ «ቃሉ ምንድን ነው?» ብለን ለመጠየቅ ጊዜ አለን።

የሳምንት ሰው ይበለን።