መንገዱ አንድ፥ ሰዓቱ ሁለት

ከአዲስ አበባ ወደ ዋሽንግተን የሚሄድ ሰው፥ ካርታውን ተመልክቶ የመሄጃውና የመመለሻው ጊዜ እኩል ይመስለዋል። ርቀቱ አንድ ነውና እንዲህ ማሰቡ አያስወቅሰውም። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም።

ከቦሌ እስከ ዋሽንግተን ደለስ የአይሮፕላን ማረፊያ ያለው አጭሩ የአየር መንገድ ከ11,500 ኪሎ ሜትር ጥቂት ይበልጣል። በሰዓት 900 ኪሎ ሜትር ለሚበር ጄት ይህ የ13 ሰዓት ያህል ጉዞ ነው። ከዋሽንግተን የሚመጣው አይሮፕላንም በዚህ ጊዜ ገደማ፥ በመንገድ ሳያርፍ ቦሌ ሊደርስ ይችላል። ወደዚያ የሚሄደው ግን እንደ ደብሊን ባለ ከተማ ነዳጅ ለመቅዳት ሲያርፍ ኖሯል፤ ጥቂት ሰዓቶችም ይጨመሩበታል።

ምክንያቱ ሁለት ነው። አንደኛው፥ ቦሌ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ መገኘቱ ነው። በዚህ ከፍታ አየሩ በባሕር ዳርቻ ካለው በአንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል። ክንፉም ሞተሩም ጉልበት የሚያገኙት ከአየር ስለ ሆነ፥ አይሮፕላኑ ሙሉ ነዳጅና ሙሉ ጭነት ይዞ ለመነሣት ይቸገራል። ሁለተኛው፥ በሰሜኑ ሰማይ ከፍ ብሎ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚነፍሰው ብርቱ ነፋስ ነው፤ የሚመጣውን ይገፋዋል፥ የሚሄደውን ይገታዋል።

የሰዓት ልዩነትም አለ። በክረምታቸው ወራት ዋሽንግተን ከእኛ በ8 ሰዓት ወደ ኋላ ትቀራለች። ከዚያ ረፋድ በ5 ሰዓት የተነሣ መንገደኛ 13 ሰዓት በርሮ እዚህ የሚደርሰው በማግሥቱ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ነው። በቲኬቱ ላይ 11:00 እና 8:00 ተጽፎ ሲያይ 21 ሰዓት የበረረ ይመስለዋል። የፈረንጁን አቆጣጠር ከእኛው ጋር አደባልቆ አይሮፕላን ያመለጠውም ጥቂት አይደለም።

የኢትዮጵያ አየር መንገድ የመጀመሪያው አይሮፕላን መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. በአስመራ በኩል ወደ ካይሮ በረረ። ከዚያ ወዲህ አይሮፕላኑ ተለውጧል፥ ከተማው ግን ከተራራው አልወረደም። አብራሪዎቻችን ከፍታውን እንደ ጉድለት አልደበቁትም፤ ይልቁንም በሒሳብ አስገቡት። የጭነቱን ክብደት፥ የነፋሱን ኃይልና የመጠባበቂያውን ነዳጅ ሳያሰሉ አንድም ቀን አይነሡም።

ለወጣቱ ተማሪና ለወጣቱ ሹም የምናሳስበው ይህንኑ ነው። ባለጉዳይን «ነገ ይፈጸምልሃል» ብሎ መሸኘት በካርታ ላይ ርቀትን እንደ መለካት ቀላል ነው። ነገር ግን ሥራው በስንት እጅ እንደሚያልፍና ምን እንደሚያዘገየው ያላሰላ ሹም፥ የሰውን ቀን በከንቱ ያስበላል። ከሩቅ ገጠር የመጣው ባለጉዳይ የሚከፍለው ዋጋም ከቲኬት ይከብዳል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። ስለዚህ ቀጠሮ ከመስጠታችን በፊት ነፋሱንና ከፍታውን እናስላ፤ ረጅም የሆነውንም ጊዜ ረጅም ነው ብለን በግልጽ እንንገር።