ከቆርቆሮው በስተጀርባ ያለውን ጉድጓድ ማን ይጠብቀዋል?

ይድረስ፦ ግንባታ ጀምራችሁ ላቆማችሁ የሕንፃ ባለቤቶች፣ ሳይት የማጠር ሥራ ለምትወስዱ ተቋራጮች፣ እንዲሁም በቦሌ፣ በየካና በለሚ ኩራ ክፍለ ከተሞች ለምትሠሩ የሕንፃ ሹሞች

ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ሕንፃችሁ ለምን አላለቀም ብዬ ልወቅሳችሁ አይደለም። ነሐሴ 2015 ብሔራዊ ባንክ የባንኮችን የብድር ዕድገት በ14 በመቶ ሲገድብ፣ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ደግሞ የውጭ ምንዛሪ ተመን ለገበያ ሲለቀቅ፣ የሊፍቱ፣ የአሉሚኒየሙና የመስታወቱ ዋጋ ከአቅሙ በላይ የሆነበት ባለቤት ብዙ ነው። ከገርጂ እስከ ሰሚት፣ ከጎሮ እስከ ቡልቡላ፣ ከቆመው ስትራክቸር ጀርባ ዕዳ ያስጨነቀው ቤተሰብ ወይም ማኅበር እንዳለ አውቃለሁ። ወቀሳዬ ሥራው ከቆመ በኋላ ሳይቱን አስጠበቅን ብላችሁ በምትሄዱበት መንገድ ላይ ነው።

በግንባታ ክትትል ሥራ ላይ ስለኖርሁ አሠራሩን በቅርብ አየዋለሁ። ሥራው ሲቆም አማካሪው ይሰናበታል፣ መሐንዲሱ ሌላ ሳይት ይይዛል። ከዚያ በደላላ አጣሪ ይጠራል። ዋጋው የሚቆረጠው በሜትር ነው፤ ሁለት ሦስት ሰው ይጠየቅና ዝቅ ያለው ይወስዳል። አጣና ይተከላል፣ ማገር ይታሰራል፣ ብዙ ጊዜ ከሌላ ሳይት የተነቀለ ቆርቆሮ ይመታበታል፣ በሩ ላይ ሰንሰለትና ቁልፍ ይንጠለጠላል። ፎቶ ተነሥቶ በቴሌግራም ይላካል፤ ቀሪ ክፍያው ይለቀቃል። ውሉ እዚያው ላይ ያበቃል። ጉድጓዱ ውስጥ ስላለው ውሃ፣ ክፍት ስለቀረው የሊፍት ቀዳዳ፣ ስለጎረቤቱ ግድግዳ በውሉ ውስጥ አንድም ቃል አይገኝም። አጣሪው የተዋዋለው ለአጥር ነው፤ ባለቤቱ ደግሞ አጥሩን አይቶ ሳይቱ የተጠበቀ ይመስለዋል።

በምኖርበት ገርጂ እንዲህ ያለ አንድ ሳይት አለ። ለሁለት ፎቅ ምድር ቤት ተቆፍሮ፣ መሠረቱ ተጀምሮ የቆመ ነው። በመጀመሪያው ክረምት አጣናዎቹ ወደ ጉድጓዱ ዘመሙ፤ አንድ ሰው ሽቦ ስቦ ከመብራት እንጨት ጋር አሰራቸው። በማዕዘኑ በኩል ቆርቆሮው ከሥሩ ተገልብጧል፤ ልክ አንድ የስምንት ዓመት ልጅ በደረቱ ተስቦ የሚገባበትን ያህል። ገባ ብሎ ለተመለከተ አረንጓዴ ውሃ፣ በላዩ የሚንሳፈፍ ጀሪካን፣ ከውሃው ጫፋቸው ብቅ ያለ የዛጉ ፌሮዎች ይታያሉ። ወር እየቆጠረ ይጠብቅ የነበረው ሽማግሌ ደመወዙ ሲዘገይበት ጥሎ ሄደ። ከሳይቱ ጋር የምትዋሰነው ጎረቤታችን ግድግዳዋ ሲሰነጠቅ ልጇ ስንጥቁ ላይ ጂፕሰም ለጥፎ በእስክሪፕቶ ቀኑን ጻፈበት። ጥቅምት ላይ ጂፕሰሙ ራሱ ለሁለት ተከፍሎ ነበር። ይህን መለካት የአጣሪው፣ የባለቤቱ፣ የሹሙ ሥራ ነበር፤ የሠራው ግን ተማሪ የሆነ ልጅ ነው።

የእኛ አካባቢ አፈር ደግሞ እንዲህ ያለውን አሠራር አይምርም። ቦሌ፣ ገርጂ፣ ሲኤምሲ፣ ሰሚት በአብዛኛው ዋልካ ነው። ክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፣ በጋ ደርቆ ይሰነጠቃል። ጥልቀት በሌለው ጉድጓድ ተተክሎ በድንጋይ የተጠቀጠቀ አጣና ከዚህ መንቀሳቀስ አያመልጥም። የቁፋሮው ግድግዳም እንዲሁ ነው፤ ለጥቂት ወራት ክፍት እንዲቆይ ታስቦ የተቆፈረ ጉድጓድ ያለ ድጋፍ ግንብ ሁለት ሦስት ክረምት ሲያሳልፍ አፈሩ እየተናደ ወደ ጎረቤት አጥር፣ ወደ እግረኛው መሄጃ ይጠጋል። ከውጭ ሲታይ ግን ቆርቆሮው አለ። ያልታጠረ ገደል ቢያንስ መንገደኛው አይቶት ይሸሸዋል።

የአዲስ አበባ እሳትና አደጋ ስጋት ሥራ አመራር ኮሚሽን ክረምት በመጣ ቁጥር ወላጆች ልጆቻቸውን ውሃ ካቆሩ ጉድጓዶች እንዲጠብቁ ያሳስባል። ወላጅ የድርሻውን ይውሰድ፤ ነገር ግን ጉድጓዱን ወላጅ አልቆፈረውም።

ከጉድጓዱ በላይ ያለውም እንዲሁ ነው። ስትራክቸራቸው አልቆ በቀሩት ሕንፃዎች ውስጥ ሌሊት የሚያድሩ ወጣቶች አሉ፤ ደረጃው መደገፊያ የለውም፣ ብርድ ሲበረታ ውስጥ እሳት ይነዳል። ነሐሴ 2015 በጆሃንስበርግ መሃል ከተማ የማዘጋጃ ቤቱ ንብረት የሆነ፣ ተጥሎ የኖረ ሕንፃ በእሳት ሲጋይ ከ70 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ ማደሪያ ያጡ ሰዎች ገብተው ይኖሩበት ነበር። ቁልፍ መንጠልጠሉ ብቻ ሕንፃን ባዶ አያደርገውም።

የችግሩ ሥር ጊዜያዊ የሚባል ሥራን ከሥራ አለመቁጠራችን ይመስለኛል። መስከረም 21 ቀን 2018 በአረርቲ ማርያም ቤተ ክርስቲያን የእንጨት መወጣጫ ተደርምሶ ከ30 በላይ ምእመናን ሲሞቱ አገር አዘነ። መወጣጫም፣ አጥርም፣ የጉድጓድ ድጋፍም የሚሠሩት ለጥቂት ጊዜ ነው ተብሎ ሒሳብ ሳይሠራላቸው፣ ባለሙያ ሳያያቸው ነው። የሚሸከሙት ክብደት ግን የእውነተኛ ሰው ነው።

ሕግ የለም እንዳይባል፣ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2077 የሕንፃ ባለቤት ሕንፃው ለሚያደርሰው ጉዳት፣ ጉዳቱ ያልታሰበ ቢሆን እንኳ፣ ኃላፊ ያደርገዋል። «አጥረን ነበር» ማለት አያድንም። በ2001 የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ደግሞ ለሕንፃ ሹም የመቆጣጠር ሥልጣን ሰጠ። አቅምም ቢሆን አልጠፋም፤ ከቦሌ አየር ማረፊያ እስከ መገናኛ፣ ከመገናኛ እስከ ሲኤምሲ በኮሪደር ልማቱ የተሠራውን ያየ ከተማዋ ስትፈልግ ምን ያህል ፈጥና እንደምትሠራ ያውቃል። ያ ትጋት ከአስፋልቱ አንድ ቅያስ ገባ ሲሉ ለምን ይጠፋል? ልጆች የሚጫወቱት እዚያ ነው።

ተቋራጮች ሆይ፣ በሜትር ብቻ የተቆረጠ የአጥር ሥራ አትውሰዱ። ውሉ ውስጥ ውሃውን በፓምፕ ማውጣት፣ የሊፍትና የደረጃ ቀዳዳዎችን በየወለሉ መዝጋት፣ የፌሮውን ጫፍ ማጠፍ ወይም መሸፈን፣ ከዝናብ በኋላ ተመልሶ ማየት ይግባ፤ ዋጋውም በዚያ ልክ ይጠየቅ። ባለቤቶች፣ ለሊፍት የጠፋው ገንዘብ ለጥበቃ ደመወዝና ለፓምፕ ኪራይ አይጠፋምና ይህችን ወጪ ሥራው ከመቆሙ በፊት ለይታችሁ አስቀምጡ። በሩ ላይም የሚነሣ ስልክ ቁጥር ጻፉ፤ ጎረቤት ግድግዳው ሲሰነጠቅ ማንን እንደሚጠራ ይወቅ።

የሕንፃ ሹሞች፣ እናንተ ላይ የምጥለው ይበልጣል። ቆርቆሮ ላይ በቀይ ቀለም «ታግዷል» ብሎ መሄድ ሳይቱን ከአደጋ አያወጣውም። ግንባታ ሲቆም አንድ ባለሙያ የፈረመበት የማቆሚያ ዕቅድ ጠይቁ። ባለቤቱ ካልተገኘ ከተማው ሥራውን አሠርቶ ወጪውን በንብረቱ ላይ ይያዝ። የሚሠራውን ተቋራጭ ስትመርጡም የዋጋ ዝቅተኛነትን ብቻ አትመልከቱ፤ ክረምቱን ሙሉ ተጠያቂ የሚሆነውን ምረጡ።

የክረምቱ ዝናብ የሚበረታው ከሰኔ ጀምሮ ነው። እስከ ግንቦት መጨረሻ በየወረዳችሁ ያሉትን የቆሙ ሳይቶች ከአጥሩ ውጭ ሆናችሁ ሳይሆን በሩን አስከፍታችሁ፣ ውስጥ ገብታችሁ እንድታዩ እጠይቃችኋለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
የገርጂ ነዋሪ